እጃችንን ከማውጣታችን በፊት

ውድ እህቶች፣ በሚመጣው ወር የቡድናችንን ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ከአሁኑ «ማንም ብትሆን ያው ነው፤ እከሊት ንግግር ትችላለች፣ እሷ ትሁን» ሲባል እየሰማን ነው። ቆይ፣ ያው አይደለም።

የምንኖርበት የሊባኖስ የሥራ ሕግ በፈረንጆች 1946 ሲወጣ፣ በአንቀጽ 7 በሰው ቤት የምንሠራውን ከሕጉ ውጭ አድርጎናል። አንቀጽ 92 ደግሞ የውጭ አገር ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ቢገባ እንኳ መምረጥም መመረጥም አይችልም ይላል። እንግዲህ እጅ አውጥተን «እሷ ትምራን» የምንልበት ቦታ ይሄ የእሁድ ስብሰባችን ነው። ያቺን አንድ ድምፅ በቀልድ አንጣላት።

ታዲያ ምን ዓይነት ሰው እንፈልግ?

መጀመሪያ፣ ደብተር የምትይዝ። ገንዘባችን ባንክ አይገባም፤ በአንዲት እህት እጅ ነው ያለው። ለታመመችው እህታችን ያዋጣን ጊዜ የሆነውን አልረሳንም። ገንዘቡ ለሕክምናው ተከፍሏል። ግን ማን ስንት እንደሰጠች አልተጻፈም፣ ደረሰኙም ጠፋ። ወሬ ተነሣ። ሳትሰርቅ «በላች» ተባለች፤ አልቅሳ ሄደች፤ እኛም ደህና ሰው አጣን። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፣ «ደብተሩን አሳዪን» ያላልነው እኛም አለንበት። የምትታመነው «አታምኑኝም ወይ?» ብላ የምትቆጣዋ ሳትሆን፣ ሳትጠየቅ ደብተሯን የምትዘረጋዋ ናት። ዶላሩን በዶላር፣ ሊራውን በሊራ፣ ከነቀኑ ትጽፋለች። አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ግድም ሲመነዘር ኖሮ ከ2019 ወዲህ ሊራው እንዴት እንደወደቀ ያየ ሰው «ያው ነው» አይልም።

ሁለተኛ፣ አፏን የምትጠብቅ። ሰብሳቢ ብዙ ነገር ይነገራታል፦ ማን ከማዳሟ ቤት እንደወጣች፣ የማን ኢቃማ እንዳለፈ፣ ማን የት እንደምታድር። ይሄ በአንድ የዋትሳፕ ቮይስ ከወጣ አንዲት እህት ልትታሰር፣ ልትባረር ትችላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሌላዋን ምስጢር ለእናንተ የምታወራ፣ የእናንተንም ለሌላ ታወራለች።

ሦስተኛ፣ የማትችለውን «አልችልም» የምትል። «ፓስፖርትሽን በሦስት ቀን አስመልስልሻለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ቃሉን ያመነችው ልጅ ግን ሻንጣዋን አስራ ትጠብቃለች። «እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ጋ አብረን እንሂድ» የምትለዋ ትሻለናለች።

አራተኛ፣ የሌሉትን የማትረሳ። ከእኛ መሐል እሁድ እንኳ በሩ የማይከፈትላት አለች። መዋጮ የላትም፣ ስብሰባ አትመጣም፣ ስልኳም አንዳንዴ ይወሰድባታል። ለእሷ የማታስብ መሪ ለደረስነው ብቻ መሪ ናት።

እንዲህ ያለች ሴት ከየት ትምጣ እንዳትሉ። የወደቡ ፍንዳታ ቀን፣ ነሐሴ 2020፣ ማን ነበረች እየዞረች የምትፈልገን? በ2024ቱ ጦርነት ከደቡብ ሸሽተው ለመጡት ማን ፍራሿን አካፈለች? ያኔ ሰብሳቢ አልነበረችም፣ ማንም አልመረጣትም። ምናልባት በስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣ ዝም የምትለዋ ናት። ዞር ብላችሁ እዩ።

ከምርጫው በኋላም ሥራው የእሷ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሰውም ብቻዋን ከተተወች ትሳሳታለች። ስለዚህ ይሄን እንዲወሰን እንጠይቃለን፦ ገንዘቡን ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይቁጠር፤ ደብተሩ በየወሩ በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ሥልጣኑ ለአንድ ዓመት ይሁን፤ መውጣት የማትችል እህት ድምፅዋን በምታምናት ሰው በኩል ትላክ።

በሰው ቤት ቁልፍና ልጅ አደራ ተሰጥቶን በሐቅ ይዘናል። የራሳችንንም አደራ ለማን እንደምንሰጥ እናውቃለን።

እሁድ እንገናኝ።