እንኳን አደረሳችሁ፤ ክፍያውስ?

የዓመት በዓል ሰሞን አልፎ ወር ሲሞላ፣ በብዙ ድርጅቶች የሒሳብ ክፍል በር ላይ አንድ ጥያቄ ይሰማል፦ «ያንተ በዓል ነበር እንዴ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ እየቀለደ ነው። ችግሩ በዚያች ቀልድ የሠራተኛ ገንዘብ ተበልቶ መቅረቱ ነው።

በአንድ የግል ሆስፒታል የምትሠራ ሙስሊም ነርስ አውቃለሁ። ገና ሲደርስ ፈረቃውን ማን ይያዘው ተብሎ አይመከርም፤ እሷ መሆኗ የታወቀ ነው። ራሷም ቅር አይላትም። ክርስቲያን ባልደረቦቿ ከልጆቻቸው ጋር ይዋሉ፣ ለዒድ ደግሞ እነሱ ይተኩኛል ትላለች። ወር ሲሞላ የደመወዝ ወረቀቷን ስታይ ግን የገና ዕለት እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ተቆጥሮ አገኘችው። ሄዳ ጠየቀች። «ሲስተር፣ ገና ደግሞ ያንቺ በዓል ሆነ?» አላት ሒሳብ ሠራተኛው እየሳቀ። እዚያው ግቢ በር ላይ የሚቆመው ክርስቲያን ጥበቃም አረፋን በሥራ ውሎ ስለ ክፍያው ሲያነሳ፣ «አንተ መች ሰገድክና?» ተባለ።

ሁለቱ የሃይማኖት ልዩነት አላቸው፤ ኪሳቸው ግን እኩል ጎደለ። የሷ ገንዘብ ወደሱ፣ የሱም ወደሷ አልሄደም። ሁለቱም የሠሩበት ዋጋ የቀረው አሠሪው ዘንድ ነው። በእኛ አገር በዓልና ክፍያ ሲነሳ ነገሩ ወዲያው የክርስቲያንና የሙስሊም ሂሳብ ይመስላል፤ ለነማን ስንት ቀን ተሰጠ ወደሚል ቆጠራ እንገባለን። እኔ ግን ጉዳዩን በቅርብ ባየሁት ቁጥር ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 75 በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት ከመደበኛ ክፍያው እጥፍ ያላነሰ እንደሚከፈለው ይደነግጋል። ሥራው ትርፍ ሰዓት ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 68 ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርሰዋል። ሕጉ የሠራተኛውን ሃይማኖት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዕለቱ የሕዝብ በዓል ነው ወይስ አይደለም፣ ሰውየው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ብቻ ነው። በወር 6,240 ብር የሚከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ፤ ወሩን በተለመደው ስሌት 208 ሰዓት ብንለው በሰዓት 30 ብር ይደርሳታል። በበዓል ቀን ያው ሰዓት 60 ብር ነው፤ ስምንት ሰዓት ከሠራች 480 ብር። የጠመቀችም ያልጠመቀችም፣ የጾመችም ያልጾመችም ሂሳቧ አንድ ነው።

እነዚህ ቀኖች የሁላችን የሆኑት ደግሞ እንዲሁ በቀላሉ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ትልቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው የእኩልነት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። አብዮቱ ሲመጣ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሃና መውሊድ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ ጋር በአንድ መዝገብ ገቡ። የዚያ ሰልፍ ጥያቄ ሙስሊሙ በዓሉን ለብቻው ያክብር የሚል አልነበረም፤ በዓሉ በአገር ደረጃ ይታወቅ የሚል ነበር። ዛሬ በሒሳብ ክፍል መስኮት «ያንቺ አይደለም» የሚባለው ያን ጊዜ የተገኘውን ነገር በጓሮ በር መልሶ መውሰድ ነው።

አሠሪዎች የሚያቀርቡት ሙግት አለ፤ ዝም ብሎ የሚናቅም አይደለም። በዓል በዛ፣ ገበያ ቀዘቀዘ፣ ለእያንዳንዱ በዓል እጥፍ ከምንከፍል እያንዳንዱ በየእምነቱ ቀን ይረፍ፣ በሌላው ቀን በመደበኛ ሂሳብ ይሥራ ይላሉ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ሥራ ላይ ሲውል ግን አሠሪው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሃይማኖት መዝግቦ መያዝ አለበት። ጥምቀትን የማያከብረው ፕሮቴስታንት ከየትኛው ዓምድ ይገባል? ሃይማኖቱን መናገር የማይፈልገውስ? ሌላም አለ፦ በርካሽ የሚሠራልኝ የቱ ነው ብሎ የሚያስብ ቀጣሪ ቅጥሩንም በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል። የአዋጁ አንቀጽ 14 በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት ማድረግን የከለከለው ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ስለሚታወቅ ነው።

የተሻለው መንገድ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዓርብ ይታያል። በሌላው ቀን የምሳ ዕረፍት ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፤ ዓርብ ግን ከ5:30 ይጀምራል። አንዷ ተጨማሪ ሰዓት የመጣችው ለጁምዓ ሶላት ነው። ሆኖም ሙስሊሙ መስጊድ ሲሄድ ክርስቲያኑ ጠረጴዛው ላይ አይቀርም፤ እሱም ወጥቶ ጉዳዩን ይፈጽማል። ከማንም ደመወዝ አይቆረጥም፣ ማንም አይጠየቅም። ለአንዱ እምነት የተከፈተች በር ለሁሉም ክፍት ሆነች።

በሠራተኞች መካከል ያለው የመተካካት ልማድም ሊመሰገን የሚገባው ነው። «ለፋሲካ ግባልኝ፣ ለረመዳን ፍቺ እገባልሃለሁ» ተባብሎ የሚተማመን ባልደረባ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ሆኖም ልማዱ ለአሠሪው ማምለጫ ሲሆን አይቻለሁ፤ «እርስ በርሳችሁ ተለዋወጣችሁ፣ እኔ ምን አገባኝ» ይላል። ሁለቱ የተለዋወጡት ፈረቃቸውን ነው። ክፍያውን ለአሠሪው አልማሩለትም። በዒድ አልፈጥር ላይ ደግሞ ጨረቃ አለች። የፈረቃ ሰሌዳ ከሳምንት በፊት ይለጠፋል፣ ዒዱ የሚታወጀው በዋዜማው ሌሊት ነው። ለሐሙስ ይተካኛል የተባለው ሰው ዒዱ ዓርብ ሲሆን ቀኑም ክፍያውም ይዘበራረቃል። ሁለቱንም ቀን ታሳቢ ያደረገ ሰሌዳ ማውጣት የአንድ ወረቀት ሥራ ነው፤ የሚያወጣው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የከፋው ያለው የወር ደመወዝ ከሌላቸው ዘንድ ነው። አንቀጽ 74 በወር የሚከፈለው ሰው በበዓል ባለመሥራቱ ደመወዙ እንደማይቀነስ ያረጋግጥና፣ ሌላውን ለሥራ ውል ወይም ለኅብረት ስምምነት ይተወዋል። የግንባታ ሳይት የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የተጻፈ ውልም ማኅበርም የለውም። ለጥምቀት ሳይቱ ሲዘጋ ሙስሊሙ የዕለት ገቢውን ያጣል፤ ለአረፋ ሲዘጋ ክርስቲያኑ። በራሱ በዓል ደግሞ በግና ዶሮ በሚወደድበት ሳምንት ገቢው ይቀንሳል። የቤት ሠራተኛዋ ነገር ይብሳል። አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ከራሱ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አሳልፎታል። ሽንኩርቱን ስትልጥ ያደረች፣ በማግስቱ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ልጅ የበዓል ክፍያ ብላ የምትጠይቅበት አንቀጽ እዚያ ውስጥ የለም። ስለ በዓል ፍትሕ ስናወራ ከሃይማኖት ቆጠራው በፊት እዚህ መጀመር ነበረብን።

ቅዱስ ቀኑ በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰውም አለ። ቅዳሜን የሚያከብረው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን በሚሠራበት ድርጅት በየሳምንቱ ከሕሊናው ይጋጫል። ለእያንዳንዱ እምነት የሕዝብ በዓል ማወጅ አይቻልም። እሑድ ገብቶ የቅዳሜውን እንዲያካክስ መፍቀድ ግን ይቻላል፤ የሳምንት የዕረፍት ቀንን በኅብረት ስምምነት መለወጥ በሕጉ የተፈቀደ ነው። የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ኃላፊው ሠራተኛውን እንደ ችግር ፈጣሪ ማየቱን ማቆም ነው።

እንግዲህ አዲስ አዋጅ አልጠየቅሁም። የሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድራቸው በቀን የሚከፈላቸውን ሰዎች በበዓል ክፍያ ውስጥ ያስገቡ። ሒሳብ ክፍሎች የበዓል ቀንን በቀን መቁጠሪያው ብቻ ይቁጠሩ። ሠራተኛውም ቀልዱን ሰምቶ አብሮ ስቆ አይመለስ፤ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ያቺ ነርስ ዳግመኛ ስትሄድ የአንቀጹን ቁጥር ጽፋ ብትይዝ ይበጃታል። ጥበቃውንም ይዛው ትሂድ።