የጸጉር ቀለም ምርመራ ከሐይቅና ከአምባሰል ናሙና ይጀምር

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማና በአጎራባቹ አምባሰል፣ ጸጉርንና ጺምን በሂና ማቅላት የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የፋብሪካ ቀለምም ከዚሁ ልማድ ጋር ተቀላቅሏል። በወንጀል ስፍራ የተገኘ ቀለም የተቀባ ጸጉር ለፎረንሲክ ምርመራ ቢላክ፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል? የተጠርጣሪው ነጻነት በመልሱ ሊወሰን ይችላል።

ሁለቱ ቀለሞች በኬሚካዊ ባሕርያቸው ይለያያሉ። የሂና ቅላት የሚመጣው ሎሶን ከተባለ ሞለኪውል ሲሆን፣ እርሱም ከጸጉሩ ኬራቲን ጋር ይጣመራል። ቋሚ የፋብሪካ ቀለም ግን በአብዛኛው እንደ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ይይዛል፤ እነዚህ ወደ ጸጉሩ ውስጥ ዘልቀው በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አማካይነት ቀለም ወዳላቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ይለወጣሉ። «ጥቁር ሂና» በሚባለው ውስጥም ይኸው ኬሚካል ብዙ ጊዜ ይጨመራል።

ራማን ስፔክትሮስኮፒ ሌዘር ሞለኪውሎችን ሲመታ ከሚበተነው ብርሃን የየሞለኪውሉን መለያ ያነባል። በጥቁር ጸጉር የሚበዛው ሜላኒን ይህን ደካማ ምልክት ይሸፍነዋል። የወርቅ ወይም የብር ናኖቅንጣቶች ግን ምልክቱን ያጎላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኩሮውስኪና ቫን ዱይን በዚህ ዘዴ በጸጉር ላይ ያለን ሰው ሠራሽ ቀለም መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያነበው ስፔክትረም ትርጉም የሚያገኘው ከማጣቀሻ ክምችት ነው። ከፋብሪካ ቀለሞች ብቻ የተሰናዳ ክምችት በሂና ላይ ሌላ ቀለም የተደረበበትን ጸጉር «አይታወቅም» ቢል ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ከተሳሳተ ቀለም ጋር ቢያዛምደው ግን ንጹሕ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ዲኤንኤ ይበቃል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ሥር ከሌለው ጸጉር ግለሰብን የሚለይ ዲኤንኤ ማግኘት አዳጋች ነው። በሌላ በኩል አንድ ዓይነት ቀለም እጅግ ብዙ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት፣ የቀለም መመሳሰል ብቻውን የማንንም ማንነት አያረጋግጥም። አለመመሳሰሉም ቢሆን ተጠርጣሪው በኋላ ቀለም ቀይሮ እንደሆነ ሳይጣራ ሊታመን አይገባም፤ ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ያልተቀባው የሥሩ ክፍል ጊዜውን ለመገመት ይረዳል።

ስለዚህ ለሥፍራው ቅርብ የሆነው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለእንዲህ ያለው ሥራ ቢነሡ ይበጃል። ከፈቃደኞች፣ ያለ ስም፣ የቀለሙ ዓይነትና የተቀባበት ቀን ተመዝግቦ ናሙና ሊሰበሰብ ይገባል። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ስፔክትረም አስቀድሞ የአገሩን ጸጉር ማወቅ አለበት።