ወላድ ብቻዋን አትግባ

በግንቦት ልደታ ማግሥት ባለቤቴ የአክስቷ ልጅ ወደምትኖርበት ወደ ሱሉልታ ይዛኝ ወጣች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ከተነሣች ገና ሳምንት አልሆናትም ነበርና፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የዘገየሁበትን ዕዳ ልከፍል መሄዴ ነው። ቡናው ሲፈላ እናቲቱ፣ «ጋሼ፤ ሰው ሁሉ ሴት ነው ወንድ እያለ ጠየቀኝ፤ እንዴት ሆነሽ ወለድሽ ያለኝ ግን አንድም የለም» አለችኝ። እኔም ጠየቅኋት። የነገረችኝን በፈቃዷ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያ ልጇን ያማጠችው ከአራት ዓመት በፊት በእናቷ ቤት ነበር። እሑድ ማታ የጀመራት ምጥ እስከ ረቡዕ ቆየ። የመንደሩ ሴቶች ወገቧን ደግፈው፣ ሆዷን ቅቤ ቀብተው፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ አብረዋት አነጉ። ከፍቅር የጎደለባት ነገር አልነበረም፤ የጎደለው ሕፃኑ በውስጥ እንደ ተጨነቀ የሚያውቅ ሰው ነበር። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

ሁለተኛዋን ባረገዘች ጊዜ ባሏ የሐኪም ክትትል አላጓደለባትም። ምጡ እንደ መጣ ወደ ጤና ጣቢያ አደረሷት። አዋላጅ ነርሷ የሕፃኗን የልብ ትርታ አዳምጣ ምጡ እንደማይገፋ ባየች ጊዜ፣ ሳትውል ሳታድር በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላከቻት። በሌሊት የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርዱ አማቷ እጇን ይዛ የእመቤታችንን ስም ትጠራ ነበር። ከሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ግን (ስሙን አላነሣም) ዘበኛው «አስታማሚ አይገባም» አለ። አማቷ እጇን የለቀቀቻት እዚያ ነው።

«ያስፈራኝ መርፌውም ምላጩም አይደለም» አለችኝ፤ «ብቸኝነቱ ነው። አምስት ሴቶች እናምጣለን፤ ማርያም ትቅረብሽ የሚለን ግን የለም። እኔ ስጮኽ ነርሷ ‹አትጩኺ፤ ለመውለድ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽን?› አለችኝ።»

ንጋት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ። ያቺው የተቆጣቻት ነርስ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋቻት፤ ሆዷን በእጇ እያሸች ሐኪሙን ጠራች፤ ደምም አሰጠቻት። የተራዋ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንኳ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ከአጠገቧ አልተለየችም።

«የተቆጣችኝም እርሷ፣ ያዳነችኝም እርሷ፤ እንግዲህ ልርገማት ወይስ ልመርቃት?»

«መርቂያት» አልኋት። ቁጣዋን ግን እኔም አልረሳሁላትም።

ከእኛ ከምእመናን መካከል በሐኪም ቤት መውለድን የእምነት ማነስ አድርገው የሚቆጥሩ ዛሬም አይጠፉም። የወንጌላዊው የሉቃስ ሙያ ሕክምና መሆኑን እየሰማን አድገን እንዲህ ማለታችን ይገርመኛል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ራሷ በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች ስትሆን፣ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ሳለች በእርግዝና ምክንያት በደረሰባት ሕመም በ22 ዓመቷ ዐረፈች። በመታሰቢያዋ ወደ ተሠራው ሆስፒታል በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር መጡ፤ ምጥ ከመርዘሙ የተነሣ ሽንት መቋጠር ተስኗቸው ከሰው የተለዩ እናቶችንም በዚያ አይተው፣ በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታልን በአዲስ አበባ መሠረቱ። የሱሉልታዋ እኅታችን በመጀመሪያው ምጧ ከዚህ ጉዳት መትረፏ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ግን 48 ደርሰዋል። በሕይወት በተወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 ሆኖ የተገመተው የእናቶች ሞትም በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ይህ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በ2011ዱ ጥናት ከግማሽ የሚበልጠው ወሊድ ገና በቤት ነበር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለወሊድ ክፍያ አይጠየቅም። ታዲያ ሴቶቹን ያስቀራቸው ድንቁርና ብቻ ነውን? ያ የሆስፒታል በርም ድርሻ ያለው ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ ከአጠገቧ እንዲሆን መክሯል። እናቶቻችን ይህን ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር። የስደቱን ሥዕል ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እመቤታችን ወደ ግብፅ ስትሰደድ እንኳ ሰሎሜ አብራት ነበረች። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ለወላዶች ገንፎ ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። ይህን ያሰበ ሰው የወላድን ልብ የሚያውቅ ነው።

ነገሩን እንድጽፍ ያስገደደኝ የዚህችው ሴት ታናሽ እኅት ናት። በቡራዩ ትኖራለች፤ ወሯም ገብቷል። ከእኅቷ ታሪክ ውስጥ በጆሮዋ የቀረው «አትጩኺ» የሚለው ቃል ብቻ ስለሆነ፣ «ከቤቴ አልወጣም» ብላለች። ቅዳሜ ከሰበታ፣ ከማስተምርበት ከተማ፣ ተነሥቼ ሄድሁ። ከእርሷ ጋር አልተከራከርሁም፤ ባሏን ግን፣ ምጡ በሌሊት ቢመጣ መኪናው የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። አላሰበበትም። አብሯት የሚገባውስ ማን ነው? «እኔማ ወንድ ነኝ፤ ነውር ነው» አለ።

ሰኞ እናቷን አስከትለን በቀን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን፤ እናቷ አብራት መግባት ትችል እንደሆነም አዋላጇን ጠየቅናት።

«ትግባ፤ ጫማዋን ብቻ ትቀይር።»

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ያን ጊዜ ቀና ብላ፣ «ማርያምን ብጠራስ?» አለች።

«እኔም አብሬሽ እጠራለሁ» አለቻት አዋላጇ።

ይህን ስጽፍ ገና አልወለደችም። የባለታክሲው ስልክ በግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ የሕፃኑ መጠቅለያና የእናቷ ነጠላ ያሉበት ዘንቢል ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ የገንፎው ዱቄትም ተሰልቋል።