በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ድረ ገጽ ሊያሠራ የተነሣ ሰው ሁሉ ከአፉ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ዌብሳይት የድርጅት ፊት ነው።» አስመጪውም፣ ትምህርት ቤት የከፈተውም፣ የሰፈር እድር ሊቀ መንበሩም ይህንኑ ይላል። ፊት ከሆነ ደግሞ መታጠብ፣ መቀባት፣ መኳል አለበት። ስለዚህ ዲዛይነር ይጠራል፤ «የሚማርክ ነገር ሥራልን» ይባላል። እሱም አምስት የሚንሸራተቱ ፎቶዎች፣ ከግራ ብቅ ከቀኝ ጥልቅ የሚሉ ጽሑፎች፣ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ማውጫ ሠርቶ ያስረክባል። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ ይጨበጨባል። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ገጹን ከፍቶ አያየውም፤ የሚያስከፍት ጉዳይ የለውማ።

ይህ አባባል ከሥሩ የተበላሸ ነው ባይ ነኝ። ወደ ድረ ገጽ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ይዞ ነው የሚሄደው። ወረዳ ገብቶ «መስኮት 4 በየት በኩል ነው?» እንደሚል ባለጉዳይ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ብታምር የሚጠላ የለም፤ ፋይሉን ካላገኘችለት ግን በመልኳ ምን ያደርገዋል?

ባለፈው ዓመት አክስቴ ለደም ምርመራ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ መጡ። የክሊኒኩን ስም ልተወው። ሪያድ ያለችው እህቴ ለሁሉ ነገር ቀዳሚ ናትና «እትዬ፣ እርስዎ አይንከራተቱ፣ የሚከፈትበትን ሰዓት እኔ ከኢንተርኔት አይቼ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው። ገጹን ከፈተች። መጀመሪያ ስክሪኑን ሞልተው የመጡት ነጫጭ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ የፈረንጅ ሐኪሞች ናቸው፤ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ አንዳቸውም እንደማይሠሩ ለማንም ግልጽ ነው። ስልክ ቁጥሩ ሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ ከምስሉ ጋር አብሮ ተጽፏል። በጣት ነክቶ መደወል አይቻልም፤ ገልብጣ ልትጽፈው ስትል አራተኛው ፎቶ ገፍቶት ገባ። ዙሩ እስኪደርስ ጠበቀች፣ አሁንም ግማሹ ላይ አመለጣት። ተወችውና ወደ ታች ወረደች፤ ከሥራ አስኪያጁ መልዕክት በታች፣ ከሽልማቶቹ በታች፣ መጨረሻ ላይ በነጭ መደብ በስስ ግራጫ ቀለም «የሥራ ሰዓት 2፡00 – 11፡00» ይላል።

እህቴ ሪያድ ከገባች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የምትገባውም የምትወጣውም በፈረንጅ ሰዓት ነው። 2፡00 ለእሷ የከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ 8 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት፣ እስከዚያ እህል እንዳይቀምሱ» አለቻቸው። አክስቴ በባዶ ሆድ ከጠዋት እስከ 8 ሰዓት ተቀምጠው፣ ታክሲ ይዘው ሄዱ። «የጾም ደም የምንወስደው ጠዋት ብቻ ነው፤ ነገ ይምጡ» ተባሉ።

«ጠዋት» የሚል አንድ ቃል የፈረንጆቹን ሐኪሞች ሁሉ ያስንቅ ነበር። ያን ገጽ ያሠሩት ሰዎች ብዙ ስብሰባ እንደተቀመጡ አልጠራጠርም። ስለ ሎጎው ቀለም ተከራክረዋል። «እዚህ ገጽ ላይ ማን ይመጣል? ምን ፈልጎ?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ፊት ባዮቹን ዝም የሚያሰኝ አንድ ምሳሌ አለኝ፤ ደጋግሜ ስለማነሣው ወዳጆቼ ሰልችቷቸዋል። በጥቅምት 2012 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማነሣው) የእንግሊዝ መንግሥት ዳይሬክትገቭ እና ቢዝነስ ሊንክ የሚባሉትን ሁለት ትልልቅ ድረ ገጾቹን ዘግቶ በምትካቸው ገቭ ዶት ዩኬን ከፈተ። ገጹን ላላየው ሰው ለመግለጽ ያስቸግራል፤ የሚገለጽ ነገር የለውምና። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ ሰማያዊ ማስፈንጠሪያ። የሚኒስትር ፈገግታ የለ፣ የሚሽከረከር ነገር የለ። እኛ ጋ ቢመጣ «ገና አልጨረሳችሁም እንዴ?» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ብሎ ሸለመው። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ሻርድ የሚባለው የለንደን የመስታወት ሰማይ ጠቀስና ቶማስ ሄዘርዊክ ለኦሎምፒኩ የሠራው የመዳብ የእሳት ማንደጃ ይገኙበታል። ሕንፃውንና ማንደጃውን የረታው ያ «ያላለቀ» ገጽ ነው።

ለምን እንደረታ ለማየት የሕዝብ በዓላት የሚለውን አንዱን ገጹን መክፈት ይበቃል። ከርዕሱ ቀጥሎ በትልቅ ፊደል የሚታየው የሚቀጥለው በዓል የሚውልበት ቀን ነው። የቀሩት በዓላት ከሥር በዝርዝር ይከተላሉ። የበዓሉ ታሪክ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓላማ፣ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ ምንም የለም። ሰውየው ይዞት የመጣው ጥያቄ «ቀጣዩ ዕረፍት መቼ ነው?» የሚል ነው፤ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ተመለሰለት። ይህ ቀላል ይመስላል። የኛን የስብሰባ አዳራሽ የሚያውቅ ሰው ግን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ መምሪያ «የኛም ይግባ» ሲል «አይገባም» ብሎ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ያን ሰው በዓል ሳይደርስ ያዛውሩታል።

ፊደሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች መሥራት ስትጀምር የመንገድ ምልክቶቿ አስቸገሩ፤ በዝግታ የሚነዳ ሰው የሚያነባቸውን በፍጥነት የሚበረው ሾፌር ሳያያቸው ያልፋቸው ነበር። ጆክ ኪኒር እና ማርጋሬት ካልቨርት የሚባሉ ሁለት ዲዛይነሮች ትራንስፖርት የተባለውን ፊደል ቀረጹ፤ አዲሶቹ ምልክቶችም ከ1965 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ የገቭ ዶት ዩኬ ሰዎች ለመንግሥት ድረ ገጽ የሚሆን ፊደል ሲፈልጉ የመረጡት የዚያኑ የመንገድ ፊደል አዲስ ቅጂ ነው። ምርጫው እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ምልክቱን ሊያደንቅ መኪናውን የሚያቆም ሾፌር የለም፤ ካላነበበው ግን መታጠፊያው ያልፈዋል። የድረ ገጽ አንባቢም እንዲሁ ነው፤ አንድ እጁ ታክሲ ላይ፣ ሌላው ስልኩ ላይ። ገቭ ዶት ዩኬ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ተራ ጽሑፉን በ19 ፒክስል ነው የሚያስነብበው። የኛዎቹ ፊደላቸው ከላቲኑ ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ ሳለ 13 እና 14 ላይ ያጨናንቁታል፤ በዚያ መጠን በርካሽ ስልክ ላይ ጨ እና ጬን የሚለይ ዓይን ካለ ልየው።

የልደት ቀን የሚሞላበትንም ተመልከቱ። ገቭ ዶት ዩኬ ሦስት ባዶ ሣጥኖች ያቀርባል፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። የልደት ቀኑን ለማወቅ ካሌንደር የሚያስፈልገው ሰው የለምና የሚዘረጋ ካሌንደር አይሰጥም። የኛ ፎርም ካሌንደሩን ይዘረጋል፤ የሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ ወር በወር ወደ ኋላ ይጫናል፣ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። ያ ካሌንደር ደግሞ የፈረንጅ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደች ሴት ወሯን ብትፈልግ የለም፤ ወይ አስልታ መቀየር አለባት፣ ወይ መዋሸት። ስምም ቢሆን እንግሊዞቹ ሲቻል ሙሉ ስም በአንድ ሣጥን ይጻፍ ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝቦች ግን «የመጀመሪያ ስም፣ የቤተሰብ ስም» የሚለውን ከአሜሪካ ቀድተን ለአዲስ አበባ ነዋሪ እናቀርባለን። ሰውም አንዴ የአባቱን፣ አንዴ የአያቱን እየጻፈ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

«ውበት ግን ይስባል» የሚሉኝ አሉ፤ በ1995 ጃፓን ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናትም ይጠቅሱልኛል። ኩሮሱ እና ካሺሙራ የተባሉ ተመራማሪዎች የተለያየ የቁልፍ አቀማመጥ ያላቸውን የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ለሰዎች አሳዩ፤ ሰዎቹም የሚያምረውን «ለመጠቀም የሚቀል» አሉት። ጥናቱ እውነት ነው። ያሳየው ግን የሚያምር ነገር ቀላል እንደሚመስል ነው። ይመስላል! እህቴም ገጹን ስትከፍት «ደስ የሚል ነው» ብላ ነበር።

ሆቴልና የልብስ ሱቅ ፎቶ ያስፈልጋቸዋል፣ ይሁን። የክፍሉ ዋጋና መገኛው ከፎቶው በፊት ይታይ።

ለአማርኛ ገጾቻችን ደግሞ የራሳችን በሽታ አለን፤ ጽሑፍን ፎቶ ማድረግ። ይህ ልማድ የተወለደው ከችግር ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፎንት ሠሪ የራሱ ኮድ ነበረውና ያን ፎንት ያልጫነ ሰው የሚያየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነበር። ሰው አማርኛውን በምስል ቢያወጣ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን ማንኛውም ስልክ ፊደሉን ያነባል፤ መሥሪያ ቤቱ አሁንም ማስታወቂያውን በወረቀት አትሞ፣ ማኅተም መትቶ፣ ትንሽ ዘንበል ባለ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ማኅተም እምነት እንደሚያሳድር አውቃለሁ፤ ፎቶውን ከሥር ያኑሩት። ጽሑፉ ግን ጽሑፍ ይሁን። ፎቶ የሆነ ማስታወቂያ ተፈልጎ አይገኝም፣ አይገለበጥም፣ ለዓይነ ስውር አንባቢ ስልኩ ጮክ ብሎ አያነብለትም፣ የደካማ ዓይን ባለቤት ሲያጎላው ይደበዝዛል፤ በዚያ ላይ ሜጋ ይበላል።

ፍለጋ ካልኩ አይቀር፦ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈን ሰው «ጸሀይ» ከተባለው ጋር የማያገናኝ የፍለጋ ሣጥን ለአማርኛ አልተሠራም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ይህን እንደ አንድ ድምፅ እንዲቆጥር ማድረግ ለፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከሚንሸራተት ፎቶ ያነሰ ልፋት። አልተሠራም፣ ምክንያቱም በፕሮጀክተር ላይ አይታይም። የግራጫው ቀለም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ቢያንስ በ4.5 ለ1 የድምቀት ልዩነት እንዲለይ ይጠይቃል፤ የክሊኒኩ የሥራ ሰዓት የሚያልፍ አይመስለኝም። በአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም።

እንግዲህ ልክ ያጣሁ ይመስል እንደሆነ አላውቅም፦ በአገራችን ከሚሠሩት ድረ ገጾች አብዛኞቹን ዲዛይነር ባይነካቸው ይሻል ነበር። ስም፣ ሥራ፣ ሰዓት፣ ስልክ፣ አድራሻ በጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ቢጻፍ፣ «ከአደባባዩ አለፍ ብሎ፣ ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት» ቢባል፣ አንድም ባለጉዳይ አይጎዳም ነበር።

አክስቴን በማግስቱ ጠዋት እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። የክሊኒኩ የብረት በር ላይ በግማሽ ሉክ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተሸፍኗል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት። የጾም ደም እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ብቻ። እሑድ ዝግ ነው።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ በትልቁ፣ ሁለቴ የተደመቀ። ማን ጻፈው ብዬ ስጠይቅ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሳቀ። «ሰው እየመጣ ሲመለስ አሳዘነኝ» አለኝ። ድረ ገጹን እንደገና የሚያሠሩ ከሆነ ሥራውን ለእሱ ይስጡት።