ሳንጫወት የፈረድንባቸው ጌሞች

ዛሬ ጨዋታ ይዘን መጥተናል። ጨዋታ ስንል የቡና ላይ ወግ አይደለም፤ የፕሌይስቴሽኑን ነው። «ደግሞ እነዚህ ሴቶች ስለ ጌም ምን ያውቃሉ?» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባናል። አልተሳሳታችሁም፤ ምንም አናውቅም ነበር። ጥፋታችን ምንም ሳናውቅ ስለ ጌም ፕሮግራም ሠርተን በአየር ላይ ማዋላችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት እየተማርን ሳለ ለልምምድ የተላክንበት ጣቢያ (ስሙ ይቆየን) ስለ ወጣቶች አዋዋል የአሥራ አምስት ደቂቃ ዝግጅት ሥሩ አለን። ሦስት ሴቶች ነበርን፤ ይህችን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁም እኛው ነን። ሰፈራችን ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች አንዲት ጌም ቤት ነበረች፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ ወንበር። በሯ ላይ ቆመን ጫጫታውን ቀዳን። ከዚያ አንዲት እናት፣ አንድ መምህርና አንድ የወረዳ ሰው አነጋገርን። ውስጥ ገብተን ከሚጫወቱት ልጆች አንዱን እንኳ አልጠየቅንም። «ጌም ትውልድ እየገደለ ነው» ብለን ዘጋን። ተጨበጨበልን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጌም ቤቷ ታሸገች። በእኛ ምክንያት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም። የሰፈሩ ልጆች ግን በእኛ ምክንያት ነው ብለው ደምድመዋል። ባለቤቱ አረብ አገር ሠርቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ እዚያች ቤት ላይ ያፈሰሰ ልጅ ነበር። ዛሬ የታክሲ ረዳት ነው። አንዳንዴ እሱ ያለበት ታክሲ ውስጥ እንገባለን። ሒሳብ ይቀበለናል፣ መልስ ይሰጠናል። ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል አይወጣውም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቤት ሲያውለን አንድ ነገር ወሰንን። ከአንዷ አክስት ልጅ ላፕቶፕና ፕሌይስቴሽን ተዋስንና የከሰስነውን ነገር ቁጭ ብለን ልንጫወተው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፦ አንድ ሳምንት ሙሉ ያልተጫወትነው ጌም ላይ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው።

የጀመርነው በቀላሉ፣ በቴትሪስ ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የሠራው ጌም ነው። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች ማገጣጠም ብቻ ነው፤ ሰው አይሞትበትም፣ ደም አይፈስበትም። በሦስተኛው ቀን ግን ዓይናችንን ስንጨፍን ጡብ ይወርድብን ጀመር። አራት ሰው በተቀመጠበት የታክሲ ወንበር ላይ አምስተኛ ሲጨመር «ጠጋ ጠጋ በሉ!» የሚለው ድምፅ የጌሙ መመሪያ መሰለን። የአዲስ አበባ ልጅ ቴትሪስን ከመወለዱ ጀምሮ ሲለማመደው ኖሯል እናንተዬ!

ቀጥሎ ፊፋ። (ስሙ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቀይሯል፤ በሰፈራችን ግን ፊፋ ፊፋ ነው።) ሦስታችንም በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ዶርም ስንኖር ተጣልተን አናውቅም። በፊፋ ግን «ከጨዋታ ውጪ ነበር፣ አልነበረም» ተባብለን ሁለት ቀን ተኳረፍን። አንዷ ጎል ልታገባ ስትል ምድጃ ላይ የጣደችው ሽሮ አረረ። ያኔ በጌም ቤቷ በር ላይ ቀድተን «የስድነት ጫጫታ» ያልነው ድምፅ ምን እንደነበር የገባን በዚያ ምሽት ነው። ልጆቹ የሚጮኹት ያን ያህል ስለሚያገባቸው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ከነከነን። የመጀመሪያው ፊፋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች የገቡበት ግን በ2015 የወጣው ፊፋ 16 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! የገቡትም አሥራ ሁለት ቡድኖች ሲሆኑ ከመካከላቸው አንድም የአፍሪካ አልነበረም። ሉሲዎቻችንን ተዉአቸው፣ ናይጄሪያም የለችም። ልጆች ሳለን ጌም ቤት በር ላይ የምንቆመው ወንድማችንን «እማዬ ትጠራሃለች» ለማለት ብቻ ነበር። «ሴት አትገባም» ያለን ሰው የለም። ግቡ ያለንም የለም። አሸናፊ ይቆያል፣ ተሸናፊ ይነሣል በሚባልበት ወንበር ላይ እኛ ለመሸነፍ እንኳ ተራ ደርሶን አያውቅም። ስለ ጌም የጻፍነው ንዴት ውስጥ ይህችም ቅናት ትንሽ ሳትኖርበት አልቀረችም።

ወደ ዋናው ተከሳሽ እንምጣ፤ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ። በፕሮግራማችን ላይ ስሙን ጠርተን የኮነንነው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ይሄ ጌም ነው። በፍርሃት ጀመርነው። በመጀመሪያው ሰዓት፣ ዜብራ ካላየች መንገድ የማትሻገረው ጓደኛችን መኪና ሰርቃ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታ፣ እየሳቀች ሰው ትገጭ ነበር። በሁለተኛው ሰዓት ሳቁ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሰለቸን። እውነቱን እንናገር፣ ለሕፃን የሚሆን ነገር አይደለም። ማሸጊያው ራሱ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ይላል። ታዲያ ያኔ መጠየቅ የነበረብን ጥያቄ «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ማን አቀረበው?» የሚል ነበር። እኛ ግን ሲኒማ ቤት ውስጥ የአዋቂ ፊልም አየን ብለን ሲኒማ ቤቱ ይዘጋ ያልን ሰዎች ነን።

አራተኛው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣለት የአፍሪካ መንግሥታት ክፍል ኢትዮጵያ አለችበት። አንዱን ገበሬ ስንነካው በአማርኛ መለሰልን! ጩኸታችን ጎረቤት አስደነገጠ። ከዚያ የዮዲት ታሪክ መጣ። በትምህርት ቤት አክሱምን ያጠፋች ተብላ በአንድ አንቀጽ ያለፍናትን ሴት እዚህ እኛው ራሳችን ሆነን እንመራታለን። ጌሙ ልብ ወለድ ቀላቅሏል። ቢሆንም «ይሄ እውነት ነው? ያኛውስ?» እየተባባልን መጽሐፍ ፍለጋ ወጣን። ስንት የታሪክ ፈተና ተፈትነን ያላደረግነውን!

አምስተኛውን ስንጽፍ ቀልዳችንን እናቆማለን። ዲስ ዋር ኦፍ ማይን ይባላል። ፖላንዶች በሳራዬቮ ከበባ መነሻነት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። ጦርነት ነው፣ ግን ወታደር አይደላችሁም። በተከበበ ከተማ ውስጥ ምግብና መድኃኒት የሚፈልጉ ተራ ሰዎች ናችሁ። ቀን ቤት ትጠግናላችሁ፣ ሌሊት ትለቅማላችሁ። አንድ ሌሊት ሁለት አዛውንቶች ብቻ ያሉበት ቤት ገባን። መሣሪያ የላቸውም፤ ልመና ብቻ ነው ያላቸው። የእኛ ሰው ታሞ ስለነበር መድኃኒታቸውን ወሰድን። ስንመለስ ያመጣንላቸው ሰዎች አልተደሰቱም። ባደረግነው ነገር ልባቸው ተሰበረ፤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ከመካከላችን አንዷ ላፕቶፑን ከድና ወጣች። በሰሜኑ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው፣ አክስቷ የስኳር መድኃኒት አጥታ የቆየችበት ጊዜ ነበር። ስልክ ሲከፈት የሰማችውን ያን ጊዜ አልነገረችንም ነበር። በዚያች ማታ ነገረችን። እኛም ያኔ እንደ ዜና የሰማነውን ነገር እንደ ሰው ሰማነው። ይሄን ጌም የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ የንባብ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አንድ አገር ለተማሪው «አንብበው» ብሎ የሚሰጠውን ነገር እኛ «ትውልድ ገዳይ» ከሚለው ቅርጫት ውስጥ ሳናየው ጥለነዋል።

መጨረሻ ላይ ለነፍሳችን እረፍት ኩኩሉን በስልካችን ተጫወትን። ቅኔ ጌምስ እዚሁ አዲስ አበባ የሠሩት ነው፤ ሊይዛት ከሚያሯሩጣት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ለበዓል ዶሮ ገንጥለን የምናውቅ ሴቶች ለዶሮ ስናለቅስ ዋልን።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ጌም ሁሉ ደግ ነው አንልም። የዓለም ጤና ድርጅት መቆጣጠር ያቃተው የጌም ሱስን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ሕይወቱ እየተበላሸ እንኳ ማቆም ያቃተው ልጅ እርዳታ ይሻል። ግን «ጌም» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል «መጽሐፍ» ብሎ እንደመጠቅለል ነው። አንዱ ያስቃል፣ አንዱ ያሰለቻል፣ አንዱ ያጣላል፣ አንዱ ደግሞ የጓደኛህን ሐዘን ያሳይሃል። የትኛው፣ ለማን፣ ስንት ሰዓት ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የዕድሜ ገደብ ማውጣት፣ በትምህርት ሰዓት በር መዝጋት ይቻላል። ማሸግ ግን ሁሉንም ጥያቄ አንድ ላይ ያሽጋል። ጌም ቤቷ ስትዘጋ ልጆቹ ቤተ መጻሕፍት አልገቡም። አንዳንዶቹን ዛሬ የምናያቸው የስፖርት ውርርድ ቤት በር ላይ፣ ትኬት ጨብጠው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያ ልጅ ባለበት ታክሲ ተሳፈርን። እስክንወርድ ጠብቀን «ስለዚያ ፕሮግራም ይቅርታ፤ ሳናውቅ ነው የሠራነው» አልነው። ዝም ብሎ አየን። «አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለና በሩን ዘጋው።

እውነቱን ነው። ቤቱን አይመልስለትም። ግን ክፍል ውስጥ የተማርነው አንድ ነገር አለ። የተሳሳተ ነገር ያሰማ ሰው እርማቱንም ያንኑ ያህል ጮክ ብሎ ማሰማት አለበት። ጣቢያው የእኛን እርማት የሚያስተላልፍበት ሰዓት የለውም፤ እዚህ ግን ቦታ አለን። ስለዚህ እርማታችን ይኸውና፦ በዚያ ፕሮግራም በር ላይ ቆመን ስለ ውስጡ ተናግረናል። ውስጡን አላየንም ነበር።

ቸር እንሰንብት።