ሽፍታው ሲያስቅ

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ አሮጌ የካውቦይ ፊልም ከፈቱ፤ «ኢን ኦልድ አሪዞና»፣ እ.ኤ.አ. በ1929 መጀመሪያ ሲኒማ ቤት የገባው። ፊልም አፍ በፈታ ማግስት ከስቱዲዮ ወጥቶ በረሃ ላይ ከነድምፁ የተቀረጸ ነው። ሽፍታው ሲስኮ ኪድ ሠረገላ ያስቆማል፣ የገንዘብ ሣጥኑን ይወስዳል፣ ተሳፋሪ ግን አይዘርፍም። ይዘፍናል፣ ይቀልዳል። ዋርነር ባክስተር በዚህ ሚና ኦስካር ወስዷል። (ኦ ሄንሪ በ1907 ያሳተመው የመጀመሪያው ሲስኮ ግን ለዛ የሌለው ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ ያሳመረው ሆሊውድ ነው።)

አብርሃ ጅራ ሰሊጥ የሚያርሰው አጎቴ እንግዳችን ነበር። ልጆቹ ሲስቁ እሱ አልሳቀም።

«ባለ ሠረገላው በዚያ መንገድ ነገም ይመለሳል?» አለ።

እነሱ አገር መንገድ የሚወጣው ተጠባብቆ ነው። ሰው ከታገተ ለማስለቀቂያ ሰሊጡም ከብቱም ይሸጣል፤ ዘመድ ያዋጣል።

ትልቋ ልጄ፣ «ጋሼ፣ መይሳው ካሳም እኮ ሽፍታ ነበር» አለችው። እውነቷን ነው። ካሳ ኃይሉ ከመተማ በታች ቋራ ላይ ሸፍቶ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዘረፈው ለገበሬ ማካፈሉም ይነገርለታል።

«ለተቀበለው ገበሬ ደግ ነበር» አለ አጎቴ። «የተዘረፈውን ማን ጠየቀው?»

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ሲስኮ የከዳችውን ቶኒያን በሐሰተኛ ደብዳቤ አታሎ በወታደሩ ጥይት ያስገድላታል። ትንሹ ልጄ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ጥሩ ሰውዬ አልነበረም እንዴ?»