ሞጣ ላይ ቤት መግዛት ሞኝነት ነውን?



«ሞጣ ላይ ቤት አትግዙ፤ ያላችሁንም ሸጣችሁ ውጡ» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ መስጂዶቻችን ተቃጥለዋል፤ የሙስሊሙ ሱቆች ተዘርፈዋል። ምክሩን ግን አንቀበልም!

በንጉሡ ዘመን አባቶቻችን ርስት ተነፍገው ኖረዋል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጣው ሙስሊም ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ጉዳይ ነበር። ታዲያ እነሱ ያላገኙትን ካርታ እኛ በርካሽ ሸጠን እንሽሽ? እሳቱን የለኮሰውስ የሚመኘው ይህንኑ አይደለምን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 የመኖሪያ ቦታችንን የመምረጥ ነፃነት ሰጥቶናል። መንግሥት እንዲጠብቀን መጠየቅም መብት እንጂ ልመና አይደለም።

እኛም ራሳችንን እንፈትሽ። ቤት ስንገዛ ስለ ካርታው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ እንጠይቃለን፤ ስለ ጎረቤት ሐቅስ? ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛቱ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስከማሰብ ደርሰዋል። ጎረቤት ማለት ደግሞ ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን ጎረቤታችንን ባልሠራው ወንጀል አንጠይቀው፤ ሲታመም እንጠይቀው፣ ሲያዝን ለቅሶ እንድረሰው።

ቤታችንን አንሸጥም! አላህ ከተማችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።